የተለያየ ኪት ራም ከቀላቀላችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ክራሽ ሲያደርግ፦ ከምርመራ እስከ ማስተካከያ

"ራም ጨመርኩ፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ራም አውቆታል፣ መጠኑንም በትክክል ያሳያል፤ ግን በየመሃሉ ሰማያዊ ስክሪን እያመጣ ሪስታርት ያደርጋል። የገዛሁት ራም ብልሹ ነው ማለት ነው?" ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል። ብዙውን ጊዜ መልሱ "አይደለም" ነው። አሮጌው ጥንድ ለብቻው ደህና ይሠራል፣ አዲሱም ለብቻው ደህና ይሠራል፤ አራቱ አንድ ላይ ሲገቡ ግን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) የመረጠላቸውን ፍጥነት መሸከም ያቅታቸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ፦ የተበላሸ ራም አለ ወይስ ጤነኛ ራሞች ናቸው ያልተስማሙት? የመጀመሪያው ከሆነ ራሙ ይቀየራል። ሁለተኛው ከሆነ የባዮስ ሴቲንግ ይስተካከላል። ይህን ሳይለዩ ራም መመለስም ሆነ ቮልቴጅ መጨመር ጊዜ ማባከን ነው።

መመሪያው ለዴስክቶፕ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የተጻፈ ነው። ላፕቶፕ ላይም አብዛኛው ይሠራል፤ ደረጃ 8 ላይ ያለውን በእጅ ማስተካከል ግን አብዛኛው የላፕቶፕ ባዮስ አይፈቅድም።

ለምን አይስማሙም?

ኪት ማለት ፋብሪካው አንድ ላይ ፈትኖ አንድ ላይ ያሸገው ራም ነው። ሳጥኑ ላይ "3600፣ ሲኤል18" (ፍጥነቱና ዳታ ለመስጠት የሚጠብቀው የክሎክ ብዛት) ተብሎ የተጻፈው በዚያ ሳጥን ውስጥ ላሉት ራሞች ብቻ ነው። ሌላ ሁለት ሲጨመርባቸው ያ ቃል አይሠራም። ያንኑ ሞዴል ደግማችሁ ብትገዙም እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ አምራቾች የሞዴሉን ቁጥር ሳይቀይሩ ውስጡ ያለውን ቺፕ ይቀይራሉና። አንዱ ሳጥን በሳምሰንግ ቺፕ፣ ሌላው በማይክሮን ወይም በኤስኬ ሃይኒክስ ቺፕ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ሲቀላቀሉ የሚፈጠረው ችግር በዋናነት ከሦስት ቦታ ይመጣል።

አንደኛው ጭነት ነው። የሜሞሪ መቆጣጠሪያው ያለው ሲፒዩው ውስጥ ነው፤ በአንድ ቻናል (ራሞቹ ከሲፒዩው ጋር የሚገናኙበት መስመር) ላይ ከአንድ ራም ይልቅ ሁለት ራም ሲኖር ሲግናሉን ንጹሕ አድርጎ ማድረስ ይከብደዋል። ይህን የሲፒዩ አምራቾች ራሳቸው በግልጽ ያስቀምጡታል፦ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ሲፒዩዎች በሁለት ራም እስከ 5200 የሚደግፉ ሲሆን፣ አራት ራም ሲገባ ኦፊሴላዊው ፍጥነት ወደ 3600 ይወርዳል። ራይዘን 3000 በሁለት ራም 3200፣ በአራት ባለአንድ ራንክ (ራንክ ማለት በአንድ ላይ የሚታዘዝ የቺፖች ስብስብ ነው) ራም 2933፣ በአራት ባለሁለት ራንክ ራም ደግሞ 2667 ነው። ከዚያ በላይ መሥራት አይችልም ማለት አይደለም፤ ግን ዋስትና የለውም።

ሁለተኛው ፕሮፋይሉ ነው። ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ (ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነትና ቮልቴጅ በአንዴ የሚጭኑ ፕሮፋይሎች) ስታበሩ ባዮስ ከአንዱ ራም ላይ ያነበበውን ፕሮፋይል ለሁሉም ሊጭን ይችላል። 3600 የተጻፈበትን ኪት አንብቦ 3000 በተጻፈበት ኪት ላይ ከጫነ ክራሹ የሚጠበቅ ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያየውም፤ የቺፑ መጠን ነው። ሜሞሪ ውስጥ ያለው ዳታ እንዳይጠፋ ቺፑ በየጊዜው ራሱን ያድሳል፤ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ቲአርኤፍሲ ይባላል። በዲዲአር4 መደበኛ ደንብ ባለ 8 ጊጋቢት ቺፕ 350 ናኖሰከንድ፣ ባለ 16 ጊጋቢት ቺፕ ደግሞ 550 ናኖሰከንድ ያስፈልገዋል። ለትንሹ ቺፕ የተሰላው ጊዜ ለትልቁ ከተሰጠ ትልቁ እድሳቱን ሳይጨርስ ሥራ ይታዘዛል፤ ዳታው የሚበላሸው ያኔ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ቢያንስ 1 ጊጋባይት የሆነ፣ ዳታው ቢጠፋ የማይቆጫችሁ ፍላሽ
- ሜምቴስት86+፣ ፍላሹ ላይ የተጫነ። በነጻ ይገኛል፣ ዲዲአር5ንም ያውቃል
- ሲፒዩ-ዚ፣ የራሙን ማንነት ለማንበብ
- ዊንዶውስ ውስጥ ለመፈተኛ ቴስትሜም5 ወይም ኦሲሲቲ። ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ስትረስአፕቴስት
- ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር የማይለቅ ጨርቅ
- ፊሊፕስ ዊንች፣ የእጅ ባትሪ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ማስታወሻ ካልተያዘበት በሦስተኛው ሙከራ ይምታታል

ፍላሹን ስታዘጋጁ ሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ይሁን። ሌላ ከሌላችሁ አዲሱን ኪት አውጥታችሁ በአሮጌው ብቻ አዘጋጁት። ክራሽ በሚያደርግ ራም የወረደ ፋይል ራሱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ መመርመሪያው ከተበላሸ ደግሞ የምታዩትን ውጤት ማመን አይቻልም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

- ዊንዶውሱ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው) የበራበት ከሆነ የሪከቨሪ ቁልፉን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ጻፉት። ባዮስ ላይ የሚደረግ ለውጥ ቁልፉን ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ዳታው አይከፈትም።
- ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ያሉትን ሴቲንጎች በሙሉ ፎቶ አንሱ፤ በተለይ የሳታ ሞድን (ባዮሱ ዲስኩን የሚያነብበትን መንገድ)። ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ ሲመለስ ይህ ሞድ ከተቀየረ ዊንዶውስ አይነሳም፤ ሰውም ሌላ ብልሽት የመጣ ይመስለዋል።
- ክራሽ እያደረገ ባለ ራም ባዮስ አፕዴት እንዳታደርጉ። አፕዴቱ መሃል ላይ ቢቆም ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።
- ራም ስትነቅሉና ስታስገቡ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከኬዙ መነቀል አለበት። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኩ።
- ዊንዶውስን የምትዘጉት ሺፍት ተጭናችሁ ሻት ዳውን በማለት ይሁን። ፋስት ስታርትአፕ (የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ) ከበራ ተራው ሻት ዳውን የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚተኛ፣ በቀጣዩ ማስነሳት የቆየ ስህተት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱ ራም ማን እንደሆነ መዝግቡ

እያንዳንዱን ራም አውጥታችሁ ተለጣፊውን ፎቶ አንሱ። ወረቀት ላይ መጻፍ ያለባቸው፦ ሙሉ የሞዴል ቁጥር፣ መጠን፣ ፍጥነት፣ አራቱ የታይሚንግ ቁጥሮች (ለምሳሌ 16-18-18-38፤ የመጀመሪያው ሲኤል ነው)፣ ቮልቴጅ፣ የቨርዥን ቁጥር ካለ እሱም። ራሞቹን በትንሽ ወረቀት ሀ1፣ ሀ2፣ ለ1፣ ለ2 ብላችሁ ሰይሟቸው። መልካቸው አንድ ከሆነ ካልተሰየሙ በስተቀር የትኛው እንደወደቀ በኋላ አታውቁም።

የኮርሴር ራም ተለጣፊው ላይ የቨርዥን ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያው አሃዝ ቺፑን የሠራውን ይነግራል፦ 3 ማይክሮን፣ 4 ሳምሰንግ፣ 5 ኤስኬ ሃይኒክስ። ሁለቱ ሳጥኖች ሞዴላቸው አንድ ሆኖ ይህ አሃዝ ከተለያየ፣ በእጃችሁ ያለው ሁለት የተለያየ ራም ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አስነስታችሁ ሲፒዩ-ዚ ውስጥ ኤስፒዲ (ራሙ ስለ ራሱ የያዘው መረጃ) የሚለውን ገጽ ክፈቱ፤ ስሎት በስሎት እየቀየራችሁ ራንኩን መዝግቡ። የቺፑን መጠን በመቁጠር ማወቅ ይቻላል (8 ጊጋቢት አንድ ጊጋባይት ነው)። ባለ 8 ጊጋባይት ራም ስምንት ቺፕ ካለው እያንዳንዱ 8 ጊጋቢት ነው፤ አራት ቺፕ ብቻ ካለው 16 ጊጋቢት ነው። ባለ 16 ጊጋባይት ራም ደግሞ ስምንት ቺፕ ካለው 16 ጊጋቢት፣ አሥራ ስድስት ካለው 8 ጊጋቢት። ራሙ የብረት ልባስ ካለው ለመቁጠር ብላችሁ እንዳትነቅሉት፤ ቺፑ አብሮ ሊነሳ ይችላል።

ሲፒዩ-ዚ 1800 ሲያሳይ "ግማሽ ፍጥነት ነው" ብላችሁ አትደንግጡ። እሱ የሚያሳየው እውነተኛውን ክሎክ ነው፤ ዲዲአር በአንድ ክሎክ ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ 1800 ማለት ሳጥኑ ላይ 3600 የተባለው ነው።

ደረጃ 2፦ ችግሩ በእርግጥ ከራሙ መሆኑን አረጋግጡ

የራም ችግር የሚታወቅበት መልክ አለው። ሰማያዊው ስክሪን የሚጽፈው ስም በየጊዜው ይለያያል፦ አንዴ ሜሞሪ ማኔጅመንት፣ አንዴ ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ፣ አንዴ አይአርኪውኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል። የተጨመቀ ፋይል ስትፈቱ "ፋይሉ ተበላሽቷል" ይላል፣ እንደገና ስትሞክሩ ይከፈታል። የብሮውዘር ታቦች ያለ ምክንያት ይዘጋሉ። ጠዋት በብርዱ አልነሳ ብሎ ሁለተኛ ሲሞከር ይነሳል።

በተቃራኒው፣ ሰማያዊው ስክሪን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት የድራይቨር ፋይል የሚጠቅስ ከሆነ መጀመሪያ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ምንም ሳይጽፍ፣ ጌም ወይም ከባድ ሥራ ላይ ብቻ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላይና ሙቀት ይታዩ። ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ከርነል-ፓወር 41 አገኘሁ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ነው፤ ያ መልእክት የሚለው ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፋ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም።

ማረጋገጫው አዲሱን ኪት አውጥቶ በአሮጌው ብቻ መሥራት ነው። በቀን አንዴ ክራሽ ሲያደርግ ከነበረ ቢያንስ ሦስት ቀን ተጠቀሙበት። አንድ ሰዓት ሠርቶ ስላልቆመ "ዳነ" ማለት አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ራሞቹን በትክክል አስገቡ

ወርቃማ እግሮቹን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፤ እስኪደርቅ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ላጲስ አትጠቀሙ፤ ፍርፋሪው ስሎት ውስጥ ይቀራል፣ ወርቁንም ይፍቃል።

አራት ስሎት ባለው ማዘርቦርድ ከሲፒዩው ስትቆጥሩ ተራው ብዙውን ጊዜ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 ነው፤ በማዘርቦርዱ ማኑዋል አረጋግጡ። አንድ ኪት ኤ2 እና ቢ2 ላይ፣ ሌላው ኪት ኤ1 እና ቢ1 ላይ ይገባል። ማለትም የአንድ ኪት ራሞች በሁለቱ ቻናል ይከፈላሉ እንጂ አንድ ቻናል ላይ አይደረደሩም። ምክንያቱ፦ ሁለቱ ቻናሎች እኩል መጠን ሲይዙ ነው ድዩዋል ቻናል በሙሉ የሚሠራው። መጠናቸው የተለያየ ከሆነ ትልቁን ወይም ባለሁለት ራንኩን ኪት ኤ2 እና ቢ2 ላይ አድርጉት፤ እነዚህ ስሎቶች በአብዛኛው ቦርድ የመስመሩ ጫፍ ላይ ስላሉ ሲግናሉ እዚያ ይሻላል።

አንዳንድ ስሎት የሚከፈተው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የሚከፈተው በኩል "ቀጭ" ሲል ገባ ይባላል፣ የማይከፈተው ጫፍ ግን በትንሹ ከፍ ብሎ ይቀራል። በሁለቱም ጫፍ በአውራ ጣት እኩል ተጫኑ፤ ከዚያ በባትሪ ከጎን አይታችሁ እግሮቹ እኩል መስመጣቸውን አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖን አጥፉ

ባዮስ ገብታችሁ ፕሮፋይሉን አጥፉና የሜሞሪ ፍጥነቱን አውቶ አድርጉት። ዲዲአር4 አሁን በ2133፣ በ2400፣ በ2666 ወይም በ3200 ሊነሳ ይችላል፤ ቮልቴጁ 1.2 ነው። ዲዲአር5 በአራት ራም ብዙ ጊዜ ወደ 3600 አካባቢ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ 1.1 ነው።

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። መደበኛው ፍጥነት ማንኛውም ጤነኛ ራም ሊሸከመው የሚገባ ነው። እዚህ ላይ ክራሹ ከቆመ ራሞቹ ደህና ናቸው፣ ችግሩ ፍጥነቱ ነበር ለማለት ጥሩ ምልክት ነው።

ዲዲአር5 ላይ ራም ከቀየራችሁ በኋላ የመጀመሪያው ማስነሳት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ብዙ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ቦርዱ ለአዲሶቹ ራሞች ሲግናሉን እየለካ ነው፤ ሜሞሪ ትሬኒንግ ይሉታል። "አልነሳም" ብላችሁ ኃይሉን ካቋረጣችሁ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ቢያንስ 15 ደቂቃ ታገሱት።

ደረጃ 5፦ አራቱንም በመደበኛ ፍጥነት በሜምቴስት ፈትኑ

ከፍላሹ አስነሱ። ባዮሱ ፍላሹን እምቢ ካለ ሴኪውር ቡትን (ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለውን የባዮስ ሴቲንግ) ለጊዜው አጥፉ (የቢትሎከሩን ቁልፍ ማስጠንቀቂያ አትርሱ)። ሙሉ 4 ዙር ይሂድ። 32 ጊጋባይት ላይ አንድ ዙር ከአንድ ሰዓት ሊያልፍ ስለሚችል ማታ ከፍታችሁት ብታድሩ ይሻላል። አንድ ዙር አይበቃም፤ አንዳንድ ስህተት የሚወጣው ራሙ ከሞቀ በኋላ ነው።

ተቀባይነት ያለው የስህተት ቁጥር ዜሮ ብቻ ነው። "ሁለት ስህተት ብቻ ነው ያሳየው" የሚባል ነገር የለም፤ ያቺ አንዷ ቢት የፎቶአችሁ ወይም የዊንዶውስ ፋይላችሁ ልትሆን ትችላለች።

- ዜሮ ስህተት ከሆነ፦ ራሞቹ ጤነኛ ናቸው። ደረጃ 6ን ዝለሉና ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።
- ስህተት ካለ፦ ወደ ደረጃ 6።

ዲዲአር5 ቺፑ ውስጥ ጥቃቅን ስህተቶችን ራሱ ያርማል። ይህ የሚሸፍነው ቺፑ ውስጥ ያለውን ዳታ ብቻ ነው፤ ከራሙ እስከ ሲፒዩው ባለው መስመር ላይ የሚፈጠረውን አያርምም። "ዲዲአር5 ስለሆነ ስህተት አይኖረውም" ማለት ስህተት ነው።

ደረጃ 6፦ ራም ነው፣ ስሎት ነው ወይስ ሲፒዩ?

አንድ ራም ብቻ ኤ2 ላይ አስገብታችሁ ፈትኑ። ከዚያ አውጥታችሁ ሁለተኛውን እዚያው ስሎት ላይ፣ እያለ እስከ አራተኛው። ስሎቱን አንድ ማድረግ የግድ ነው፤ ራሙንም ስሎቱንም በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ስህተቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። አንድ ራም ብቻውን፣ ተመሳሳይ አድራሻ ላይ ደጋግሞ ስህተት ካሳየ ያ ራም ተበላሽቷል፤ በዋስትናው ይመለስ። ስትመልሱ የኪቱን ሁለቱንም መልሱ፤ አንዱን ብቻ ቀይረው ከሰጧችሁ እንደገና የተቀላቀለ ኪት ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ።

አራቱም ለየብቻ ካለፉ፣ አሁን ጤነኛ መሆኑን ያወቃችሁትን አንድ ራም በየስሎቱ እያዞራችሁ ፈትኑ። አንድ ስሎት ላይ ብቻ ከወደቀ ችግሩ ስሎቱ ነው። ሁለቱም ኤ ወይም ሁለቱም ቢ ስሎቶች ከወደቁ ደግሞ ወደ ሲፒዩው ተመልከቱ፦ የታጠፈ የሶኬት እግር ወይም አንዱ ጎኑ ከልክ በላይ የጠበቀ ኩለር አንድ ቻናል በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። የኩለሩን ብሎኖች ፈትታችሁ በሰያፍ፣ ትንሽ በትንሹ እኩል አጥብቁ።

ራሞቹም ስሎቶቹም ለየብቻ ካለፉ፣ አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በመደበኛ ፍጥነትም ከወደቁ፣ ደረጃ 7ን ሠርታችሁ እንደገና ፈትኑ።

ደረጃ 7፦ ባዮሱን አፕዴት አድርጉ

አዲስ ባዮስ ብዙ ጊዜ የራም አሰላለፍን ያሻሽላል፤ ባለ 24 ጊጋባይት ዲዲአር5 ራሞችን የማያውቁ ቦርዶችም ያወቋቸው በባዮስ አፕዴት ነው። የተፈተነ አንድ ራም ብቻ ኤ2 ላይ ትታችሁ፣ ፕሮፋይሉ ጠፍቶ፣ በመደበኛ ፍጥነት አፕዴት አድርጉ። ከጨረሰ በኋላ አራቱንም መልሱ።

ደረጃ 8፦ ፍጥነቱን በእጅ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ

መደበኛው ፍጥነት ለቢሮ ሥራና ለብሮውዘር በቂ ነው፤ ለዚህ ከሆነ እዚሁ ቁሙና ወደ ደረጃ 9 ሂዱ። ለጌምና ለቪዲዮ ሥራ ግን ትንሽ መድከም ያዋጣል።

የሁለቱን ኪት ታይሚንግ ቁጥር በቁጥር ማወዳደር አይቻልም፤ ወደ ጊዜ መቀየር አለበት። ቀመሩ፦ ሲኤል × 2000 ÷ ፍጥነት = ናኖሰከንድ።

- 3600 ሲኤል18 ማለት 10 ናኖሰከንድ
- 3200 ሲኤል16 ማለት ይኸው 10 ናኖሰከንድ
- 3000 ሲኤል16 ማለት 10.67 ናኖሰከንድ

ከሁለቱ ኪት የዘገየውን (ትልቁን ናኖሰከንድ) ያዙ፤ ወደምትፈልጉት ፍጥነት መልሱት፤ ክፍልፋይ ከመጣ ወደ ላይ አጠጋጉ። ለምሳሌ የ3600 ሲኤል18 ኪት ከ3000 ሲኤል16 ኪት ጋር ተቀላቅሎ በ2933 ይሠራ ብትሉ፦ 10.67 × 2933 ÷ 2000 = 15.6፣ ስለዚህ ሲኤል16። የቀሩትንም ሦስት ታይሚንጎች በዚሁ መንገድ አስሉ። ራይዘን ላይ ጊር ዳውን ሞድ የሚባለው የባዮስ ሴቲንግ ከበራ ጎዶሎ ሲኤል ወደ ሙሉው ይጠጋል፤ 15 ጽፋችሁ 16 ብታዩ ስህተት አይደለም።

ከዚያ እነዚህን አስገቡ፦

1. ኮማንድ ሬት 2ቲ። ትእዛዙ ለሁለት ክሎክ ይቆያል፤ አራት ራም ባለበት መስመር ላይ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል።
2. ቲአርኤፍሲ ለትልቁ ቺፕ። በዲዲአር4 3200 ላይ 350 ናኖሰከንድ 560 ክሎክ፣ 550 ናኖሰከንድ 880 ክሎክ ነው። ከኪቶቹ አንዱ ባለ 16 ጊጋቢት ቺፕ ከሆነ ለሁሉም 880 ስጡ። ፍጥነቱን ስትቀይሩ ቁጥሩን እንደገና አስሉ (ናኖሰከንድ × ፍጥነት ÷ 2000)።
3. ቮልቴጅ። ሁለቱም ዲዲአር4 ኪቶች 1.35 ከተጻፈባቸው 1.35 ስጡ። አንዱ 1.2 ብቻ የተጻፈበት ከሆነ 1.2 ላይ ተዉት፣ ፍጥነቱም የእሱ ይሁን። ዲዲአር5 ላይም ተለጣፊው ላይ ካለው ዝቅተኛ ቁጥር አትለፉ።
4. የኤስኦሲ ቮልቴጅ (የሜሞሪ መቆጣጠሪያው ላለበት የሲፒዩ ክፍል የሚሰጠው)፣ ራይዘን ላይ። በኤኤም4 (የዲዲአር4 ራይዘን ሶኬት) 1.10 ጥሩ መነሻ ነው። በኤኤም5 (የዲዲአር5ቱ) ከ1.30 በፍጹም አይለፍ፤ ሲፒዩ ሊያቃጥል ይችላል።

ፍጥነቱ የሚወጣው እርከን በእርከን ነው። ዲዲአር4፦ 2666፣ 2933፣ 3200፣ ከተቻለ 3600። ዲዲአር5 በአራት ራም፦ 3600፣ 4000፣ 4400፣ 4800። በየእርከኑ አንድ ዙር ሜምቴስት። ስህተት ባያችሁበት እርከን ላይ ቮልቴጅ እየጨመራችሁ አትታገሉ፤ ወደ ታች ውረዱ። የመጨረሻው ንጹሕ እርከን ላይ 4 ዙር ሙሉ አስኪዱ። ክፍላችሁ በሙቀት ወቅት የሚግል ከሆነ አንድ እርከን ዝቅ ብላችሁ ኑሩ፤ ዛሬ ለጥቂት ያለፈ ሴቲንግ ሲሞቅ አያልፍምና።

ባዮሱ አልነሳ ካለ አትደንግጡ። ኃይሉን ነቅላችሁ የሲሞስ ባትሪውን (የባዮስ ሴቲንግን የሚይዘው የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ) ለ5 ደቂቃ አውጡ ወይም ማኑዋሉ ላይ ያለውን የሲሞስ ማጽጃ ፒን ተጠቀሙ፤ ወደ መደበኛው ይመለሳል።

ደረጃ 9፦ ዊንዶውስ ውስጥ ፈትኑ

ሜምቴስት ሲሄድ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈት ነው፤ ኬዙም ቀዝቃዛ ነው። እውነተኛው ሥራ እንዲህ አይደለም። ቴስትሜም5 ወይም የኦሲሲቲን የሜሞሪ ፈተና ቢያንስ አንድ ሰዓት አስኪዱ፤ ከዚያ ከባድ ጌም ወይም የቪዲዮ ሬንደር ጨምሩ። አራት ራም ተጠጋግቶ ሲቀመጥ አየር ስለማያልፍ መሃል ያሉት ይሞቃሉ። ስህተቱ የሚመጣው ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ወደ ራሞቹ የሚነፍስ ፋን ጨምራችሁ ድገሙት።

ደረጃ 10፦ የተበላሸውን ጠግኑ

ራሙ ተስተካክሎም ኮምፒውተሩ ክራሽ ማድረጉን ከቀጠለ፣ ቀድሞ በተበላሸ ሜሞሪ አልፈው ዲስክ ላይ የተጻፉ የዊንዶውስ ፋይሎች አሉ ማለት ሊሆን ይችላል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱ፤ መጀመሪያ የዲአይኤስኤምን ሪስቶር ሄልዝ፣ ቀጥሎ የኤስኤፍሲን ስካን ናው አስኪዱ (ሁለቱም የዊንዶውስ ፋይል መጠገኛ ትእዛዞች ናቸው)። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ኤስኤፍሲ የሚጠግነው ዲአይኤስኤም ካስተካከለው ምንጭ ወስዶ ነው። በመጨረሻ ዲስኩን በቼክዲስክ ፈትሹ።

ክራሽ ሲያደርግ በነበረበት ጊዜ የወሰዳችሁት ባካፕ ካለ አትመኑት። ፋይሎቹን ክፈቱና እዩ፤ የቆየውን ባካፕም ይህን ሳታጣሩ እንዳታጠፉት።

ደጋግመን የምናያቸው ስህተቶች

- ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር። ቢስተካከልም የትኛው እንዳስተካከለው አይታወቅም።
- ከምርመራ በፊት ቮልቴጅ መጨመር። የተበላሸ ራም በቮልቴጅ አይድንም፤ ጤነኛው ግን ሊጎዳ ይችላል።
- "አንድ ዓይነት ሞዴል ነው፣ ይስማማል" ብሎ ሦስተኛ ኪት መግዛት።
- የሰርቨር ሬጂስተርድ ራም ተራ ዴስክቶፕ ላይ ማስገባት። ስሎቱ ቢቀበለውም ኮምፒውተሩ አይነሳም።
- ዲዲአር4ን ዲዲአር5 ስሎት ላይ በግድ መጫን። ሁለቱም 288 እግር አላቸው፣ ክፍተታቸው ግን ቦታው ይለያል። አልገባ ካለ አይገባም።
- አንድ ባለ 8 እና አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ቀላቅሎ በየጊዜው የፍጥነት ልዩነት ሲያይ ብልሽት ነው ማለት። የመጀመሪያው 16 ጊጋባይት በድዩዋል ቻናል፣ የቀረው 8 በሲንግል ቻናል ይሠራል፤ ክራሽ ግን አያስከትልም።

ሁሉም ካልሠራ

አራቱ በመደበኛ ፍጥነት እንኳ ዜሮ ስህተት ካላመጡ ተለያዩ። በመጠን ትልቁን ኪት አስቀሩ፤ እኩል ከሆኑ በናኖሰከንድ ትንሹን። ኤ2 እና ቢ2 ላይ ብቻ አስገብታችሁ ፕሮፋይሉን መልሳችሁ አብሩና ደረጃ 5ን ድገሙ። ያ መጠን የማይበቃችሁ ከሆነ የምትፈልጉትን ሙሉ መጠን በሁለት ራም የያዘ አንድ ኪት ፈልጉ፦ ለ32 ጊጋባይት ሁለት ባለ 16፣ ለ64 ሁለት ባለ 32። ከመግዛታችሁ በፊት የማዘርቦርዱ አምራች በሚያወጣው የተፈተኑ ራሞች ዝርዝር ውስጥ የሞዴሉን ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል አመሳክሩ፤ ዝርዝሩ ላይ "በሁለት ስሎት" ወይም "በአራት ስሎት" የሚለውንም አብራችሁ እዩ።